የእንቅስቃሴ ቪዲዮ ጨዋታ በጠባብ የጋራ ሳሎን፦ ከመሣሪያው በፊት ክፍሉ ይለካ

የቪዲዮ ጨዋታ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቶቹን በቁልፎች ላይ የሚያሯሩጥ ወጣትን ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ከቤቱ የሚጠይቀው አንድ መቀመጫና አንድ የኤሌክትሪክ ሶኬት ነው። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን ተጫዋቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ክንዱን እንዲወነጭፍ፣ ወገቡን እንዲያዞርና እንዲዘል የሚጠይቅ ሌላ ዓይነት ጨዋታ በብዙ አገሮች ወደየቤቱ ገብቷል። ይህም በእንቅስቃሴ የሚመራ የቪዲዮ ጨዋታ ይባላል።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ሲተከል ተጫዋቹ የሚቆምበት ወለል፣ ክንዱ የሚወነጨፍበት ባዶ ቦታ፣ ካሜራው የሚያይበት ርቀትና የክፍሉ ብርሃን ሁሉ እንደ መሣሪያው አካል ይቆጠራሉ። ሰፊ ሳሎን ያለው ቤተሰብ ይህን ላያስተውለው ይችላል። አንዱ ክፍል ለእንግዳ መቀበያ፣ ለምግብ፣ ለልጆች ጥናትና አንዳንዴም ለመኝታ በሚያገለግልበት ቤት ግን መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት መልስ የሚሹ ጥያቄዎች አሉ። እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተገዛ መሣሪያ አቧራ ለብሶ ይቀራል፤ ከዚያ ሲብስ ቴሌቪዥን ይሰብራል፣ ሰው ይጎዳል፣ የአንድ ቤት ሰዎችንም ያቀያይማል።

ጉዳዩ የቤተሰብ ብቻ አይደለም። ለወጣቶች ማዕከል ወይም ለመሥሪያ ቤት ክበብ የመዝናኛ ዕቃ እንዲገዛ የሚወስን ኃላፊም ተመሳሳይ ምርጫ ይገጥመዋል። ይህ ጽሑፍ መሣሪያዎቹ የሰውን እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚያውቁ፣ ምን ያህል ቦታ እንደሚጠይቁና በጠባብ የጋራ ክፍል ውስጥ እንዴት ሊተከሉ እንደሚችሉ ያብራራል።

እንቅስቃሴን የማወቂያ ሁለት መንገዶች

እስከ አሁን ለገበያ የቀረቡት መሣሪያዎች በአሠራራቸው በሁለት ዋና ዋና ወገኖች ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ወገን ተጫዋቹ በእጁ የያዘውን መቆጣጠሪያ እንቅስቃሴ ይለካል። ሁለተኛው የተጫዋቹን አካል በካሜራ ያያል። ጠባብ ክፍል ያለው ሰው ከዋጋውም ሆነ ከጨዋታዎቹ ብዛት አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ይህንን ልዩነት ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ በዓለም ዙሪያ ያስፋፋው የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ያቀረበው ዊ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ ምርቱ እስኪቋረጥ ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚመስለው የዊ መቆጣጠሪያ በውስጡ አክስለሮሜትር የተባለ ጥቃቅን መለኪያ አለው። መለኪያው እጅ ሲወነጨፍ የሚፈጠረውን የፍጥነት ለውጥ ይመዘግባል፤ በመሬት ስበት አማካይነትም መቆጣጠሪያው ወደየት እንዳዘነበለ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ዊ ሞሽን ፕላስ በተባለ ተጨማሪ ዕቃ አማካይነት የመዞርን ፍጥነት የሚለካ ጋይሮስኮፕ ታክሎበታል።

ከዊ ጋር ተያይዞ በብዙዎች ዘንድ የተሳሳተ ግንዛቤ የሚታይበት አንድ ዕቃ አለ። በቴሌቪዥኑ አናት ወይም ግርጌ የሚቀመጠው ቀጭን ዘንግ ሴንሰር ባር ቢባልም እርሱ ራሱ የሚለካው ነገር የለም። ሥራው በሁለቱ ጫፎቹ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን መፈንጠቅ ብቻ ነው። ብርሃኑን የሚያየው በመቆጣጠሪያው ጫፍ ላይ ያለው ካሜራ ሲሆን፣ መሣሪያው ሁለቱን የብርሃን ነጥቦች ተከትሎ ተጫዋቹ ወደ የትኛው የስክሪኑ ክፍል እንዳነጣጠረ ያሰላል። ይህን ማወቅ ኋላ እንደሚታየው ከክፍሉ ብርሃን ጋር የተያያዙ ችግሮችን ለመፍታት ይረዳል።

የሁለተኛው መንገድ ቀዳሚ ምሳሌ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 ያቀረበው አይቶይ የተባለ ካሜራ ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ግን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2010 ለኤክስቦክስ 360 ያወጣው ኪኔክት ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 8 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል። ኪኔክት በክፍሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ በርካታ የኢንፍራሬድ ነጥቦችን ይረጫል። ነጥቦቹ በሰውና በዕቃ ላይ ሲያርፉ የሚያሳዩትን መዛነፍ በካሜራ አንብቦ የእያንዳንዱን ነገር ርቀት ያሰላል፤ ከዚያም የተጫዋቹን ራስ፣ ትከሻ፣ ክርንና ጉልበት ለይቶ ይከታተላል። ተጫዋቹ በእጁ ምንም አይይዝም።

ሶኒ በዚያው ዓመት ያወጣው ፕሌይስቴሽን ሙቭ ሁለቱን መንገዶች ያጣመረ ነው። ተጫዋቹ በእጁ የሚይዘው መቆጣጠሪያ ጫፍ ላይ የሚበራ ክብ ኳስ አለ። የኳሱ መጠን አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ በካሜራው ውስጥ ተልቆ ወይም አንሶ መታየቱ ርቀቱን ያመለክታል።

የቦታው ሒሳብ

ካሜራ ሙሉ አካልን ለማየት ርቀት ያስፈልገዋል። ለመጀመሪያው ኪኔክት አንድ ተጫዋች 1 ሜትር ከ80፣ ሁለት ተጫዋቾች ደግሞ 2 ሜትር ከ40 ያህል ርቀው እንዲቆሙ ይመከር ነበር። የካሜራው የአግድም ዕይታ 57 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ በ1 ሜትር ከ80 ርቀት ላይ የሚያየው ስፋት 2 ሜትር አካባቢ ነው። ክንዱን በሁለቱም ወገን የዘረጋ አንድ ጎልማሳ ይህን ስፋት ሊሞላው ጥቂት ይቀረዋል።

ይህ ቁጥር በጠባብ ቤት ምን ትርጉም እንዳለው በቶኪዮ ከተማ በተለመደ ክፍል ማየት ይቻላል። ጃፓኖች የክፍልን ስፋት የሚገልጹት ወለሉ በሚይዘው የታታሚ ምንጣፍ ብዛት ነው። ባለ 6 ታታሚ ክፍል ወርዱ 2 ሜትር ከ70፣ ቁመቱ 3 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። የቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት ለፊቱ ያለው መቀመጫ ደግሞ 85 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ እንበል። ቴሌቪዥኑ በአጭሩ ግድግዳ በኩል ከተቀመጠ መሐል ላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ 2 ሜትር ከ30 ነው፤ ይህም ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት ሰው ግን ያንሳል። ቴሌቪዥኑ በረጅሙ ግድግዳ በኩል ከሆነ የሚቀረው 1 ሜትር ከ40 ብቻ ስለሚሆን ለአንድ ሰውም አይበቃም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሁለተኛው ኪኔክት ሰፋ ያለ ዕይታ ስለነበረው ተጫዋቹ ይበልጥ ቀርቦ እንዲቆም አስችሎ ነበር። ይሁንና ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተቋርጧል።

ይህ ሒሳብ በጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ለሚኖር የአዲስ አበባ ነዋሪም የሚሠራ ነው። ሜትር ይዞ የሳሎኑን ወርድና ቁመት መለካት፣ ከዚያም የማይነሡ ዕቃዎችን መቀነስ በቂ ነው። የሚቀረው ቁጥር የትኛው መሣሪያ እንደሚስማማ ይናገራል።

በእጅ ለሚያዝ መቆጣጠሪያ የሚያስፈልገው ልኬት የተለየ ነው። የአንድ ሰው የተዘረጉ ክንዶች ርዝመት ከቁመቱ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው በአንድ ወገን 85 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነው የመቆጣጠሪያው ርዝመት ሲታከል 1 ሜትር ይሞላል። እንግዲህ አንድ ጎልማሳ በዙሪያው 1 ሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሆነ ክብ ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ያለ ሥጋት ለመጫወት 4 ሜትር ይፈልጋሉ።

ነገር ግን በእጅ በሚያዙት መሣሪያዎች ዘንድ ለጠባብ ቤት የሚበጅ አንድ ባሕርይ አለ። አክስለሮሜትር የሚለካው የፍጥነትን ለውጥ እንጂ እጅ የተጓዘበትን ርዝመት አይደለም። በመሆኑም በብዙዎቹ ጨዋታዎች የእጅ አንጓን ቀልጠፍ አድርጎ ማንቀሳቀስ ክንድን ሙሉ በሙሉ ከመወንጨፍ ጋር ተመሳሳይ ውጤት ያስገኛል። ከዊ ጋር በብዙ አገሮች በአንድነት የተሸጠውን የስፖርት ጨዋታ ተቀምጦ መጫወት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ መቆም ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችም በር የከፈተ ሲሆን፣ መሣሪያው በልዩ ልዩ አገሮች በአረጋውያን መጦሪያዎችና በአካል ማገገሚያ ማዕከላት አገልግሎት ሰጥቷል። በካሜራ ከሚሠሩት የኪኔክት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ግን ሰውየው ቆሞ እንዲታይ ይጠይቁ ነበር።

አተካከሉ በቅደም ተከተል

ክፍሉ ከተለካ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ቴሌቪዥኑን በክፍሉ አጭር ግድግዳ በኩል ማድረግ ነው፤ ይህም የክፍሉን ረጅም ጎን ለተጫዋቹ ይለቃል። በጠባብ ማስቀመጫ ላይ የቆመ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በቀላሉ ስለሚወድቅ ከግድግዳው ጋር በጠንካራ ማሰሪያ ቢያያዝ ይመረጣል።

ቀጥሎ ካሜራው ወይም ሴንሰር ባሩ በቴሌቪዥኑ መሐል ለመሐል፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ይቀመጣል። ወደ ኋላ ከተገፋ የጠረጴዛው ጠርዝ ይጋርደዋል። በዊ መሣሪያ ላይ ዘንጉ ከቴሌቪዥኑ በላይ ወይም በታች መሆኑን በማስተካከያው ገጽ መምረጥ እንደሚያስፈልግም መዘንጋት የለበትም። ተጫዋቹ ከዘንጉ ከ1 ሜትር እስከ 2 ሜትር ከ40 ባለው ርቀት ውስጥ ቢቆም ማነጣጠሪያው በደንብ ይሠራል።

ሦስተኛው ጉዳይ ብርሃን ነው። ፀሐይ፣ የበራ ሻማና ባለ ክር አምፖል ሁሉ ኢንፍራሬድ ይፈነጥቃሉ። በቴሌቪዥኑ አጠገብ ሻማ ቢበራ የመቆጣጠሪያው ካሜራ እንደ ሦስተኛ ነጥብ ሊቆጥረው ስለሚችል የስክሪኑ ጠቋሚ ይቅበዘበዛል። መስተዋትና አንጸባራቂ ዕቃም ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ። ብዙዎች መሣሪያው ተበላሸ ብለው ወደ ጠጋኝ የሚወስዱት መጋረጃውን በመዝጋት ብቻ ሊስተካከል የሚችለውን ነው።

አራተኛው ወለሉን ማዘጋጀት ነው። በመሐል ያለው ጠረጴዛ ይነሣል፤ የሚንሸራተት ምንጣፍ ይጠቀለላል፤ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ በካልሲ ብቻ መቆም አይመከርም። ተጫዋቹ የሚቆምበት ቦታ በፕላስተር ምልክት ቢደረግበት እየተጫወተ ሳያውቀው ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳይጠጋ ይረዳዋል። ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ መብራት ካለ ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቶ አስቀድሞ መፈተሽ አለበት።

በመጨረሻም የተጫዋቾች አቋቋም ይወሰናል። ሁለት ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ በግራ በኩል ያለው ሰው ክንድ ወደ ጓደኛው አቅጣጫ ይወነጨፋል። ግራኝ ሰው ካለ በግራ በኩል ማቆሙ የሁለቱንም ክንድ ወደ ውጭ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቦታው ለሁለት የማይበቃ ከሆነ እንደ ቦውሊንግና ጎልፍ ያሉ በተራ የሚደረጉ ጨዋታዎችን መምረጥ ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች አንድ መቆጣጠሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መላው ቤተሰብ ሊሳተፍ ይችላል።

የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጉዳይ

በአገራችን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች አንዳንድ ጊዜ በውጭ ከሚኖሩ ዘመዶች በስጦታ ይመጣሉ። በዚህ ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው የዊ የኃይል ማስተላለፊያ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርጎ መሰካት ማስተላለፊያውን ያቃጥለዋል። ስለዚህ ማንኛውም መሣሪያ ከመሰካቱ በፊት በኃይል ማስተላለፊያው ላይ የተጻፈው መነበብ አለበት። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሥጋት የለም፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ኃይል ቀናሽ ትራንስፎርመር ወይም ለ220 ቮልት የተሠራ ማስተላለፊያ ያስፈልጋል። በተጨማሪም የዊ የጨዋታ ዲስኮች በክፍለ ዓለም የተለዩ ስለሆኑ ለአውሮፓ የተዘጋጀ ዲስክ በአሜሪካው መሣሪያ ላይ አይሠራም።

ከደረሰው ጉዳት የተገኘ ትምህርት

ዊ ለገበያ በቀረበ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ መቆጣጠሪያው ከእጅ እያመለጠ ቴሌቪዥንና መስኮት መምታቱ ተሰማ። መቆጣጠሪያውን ከእጅ አንጓ ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ ቀጭን በመሆኑ ይበጠስ ነበር። ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2006 ወደ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ማሰሪያዎችን በወፍራም ለመተካት ተገደደ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ መቆጣጠሪያውን የሚያለብስ ለስላሳ የሲሊከን ሽፋን በነፃ ማቅረብ ጀመረ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ማሰሪያው ሳይታሰር ጨዋታ አይጀመርም፤ እጅ ሲያልበው ይጠረጋል፤ በተጫዋቹ ክብ ውስጥ ሕፃን አይገባም። ከሰል የተያያዘበት ምድጃና የፈላ ጀበና ባለበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨዋታው ቡናው እስኪያልቅ መቆየት ይኖርበታል። ኒንቴንዶ በየሰዓቱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዕረፍት እንዲደረግም ይመክራል።

የጋራ ክፍል የጋራ ስምምነት ይፈልጋል

ክፍሉ ተለክቶ መሣሪያው በሚገባ ቢተከልም የሚቀር ጥያቄ አለ፤ እርሱም ሳሎኑ የማን ነው የሚለው ነው። ተቀምጦ የሚጫወት ሰው የክፍሉን አንድ ጥግ ይይዛል። በእንቅስቃሴ የሚጫወት ግን ክፍሉን በሙሉ ይይዛል። ከሥራ ደክሞት የገባ አባት ዜና ማየት ይፈልግ ይሆናል፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሌላ የሚያጠናበት ጠረጴዛ የለውም፤ አያት የሚያርፉት በዚያው ክፍል ነው። ጨዋታው የቤቱን ሰው ሁሉ ያዝናናል ተብሎ ተገዝቶ የቤቱን ሰው ሁሉ ከክፍሉ የሚያስወጣ ከሆነ ዓላማውን ስቷል።

ስለዚህ መሣሪያው በተገዛበት ዕለት የቤቱ ሰዎች ተሰብስበው ሰዓቱን ቢወስኑ ይበጃል። የጥናት ሰዓት፣ የእንግዳ መምጣትና የታማሚ ዕረፍት ከጨዋታው እንደሚቀድሙ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ከጨዋታው በኋላ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው የሚመልሰው፣ ገመዱን ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው የተጫወተው ሰው መሆኑም እንዲሁ።

ከታች ፎቅ የሚኖር ጎረቤትም የስምምነቱ አካል ነው። የዝላይና የሩጫ ድምፅ በወለሉ በኩል ይተላለፋል። ይህን በመገንዘብ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሪንግ ፊት አድቬንቸር የተባለው የአካል ብቃት ጨዋታ ሩጫውን ጉልበትን ሸብረክ በማድረግ የሚተካ ድምፅ አልባ ምርጫ አካቷል። እንዲህ ያለ ምርጫ የሌለው ጨዋታ ከሆነ ዝላይ ያለበትን ክፍል ለቀን ሰዓት ማቆየት ተገቢ ነው።

ካሜራ ያለበት መሣሪያ ከሆነ ሌላም ጉዳይ ይነሣል። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያስተዋውቅ ኪኔክት ካልተያያዘ መሣሪያው እንደማይሠራ ገልጾ ነበር። ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ካሜራና ማይክሮፎን በመኖሪያ ክፍል ውስጥ መቀመጡ ብርቱ ቅሬታ በማስነሣቱ ኩባንያው መሣሪያው ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ግዴታውን አንሥቷል። ሰው በሚተኛበትና በሚለብስበት ክፍል ውስጥ ጨዋታው ሲያበቃ ካሜራውን መንቀል ወይም መሸፈን የቤቱ ሰዎች ሁሉ መብት መሆኑ ሊከበር ይገባል።

የትኛው ይመረጥ?

ዊም ሆነ ኪኔክት ዛሬ በፋብሪካ አይመረቱም፤ የሚገኙት ያገለገሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ የቀረበው ኒንቴንዶ ስዊች ጆይኮን በተባሉ ትናንሽ መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ ስላሉት ሴንሰር ባር አያስፈልገውም። የኃይል ማስተላለፊያውም ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ስዊች 2ም በዚሁ መንገድ እንቅስቃሴን ይለካል።

በጥቅሉ ሲታይ በቴሌቪዥኑና በመቀመጫው መካከል ከ2 ሜትር ከ40 በላይ ባዶ ወለል ያለው ቤት ከሁለቱም ወገን መምረጥ ይችላል። ከዚያ በታች ያለው በእጅ የሚያዘውን ቢመርጥ ያዋጣዋል። ባዶ ቦታው 2 ሜትር የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ተቀምጦ ወይም በተራ የሚደረገውን ጨዋታ መምረጥ አለበት። ቦታ ቆጣቢ የሆነ ሌላ አማራጭም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዊ ፊት ጋር የወጣው የሚዛን ሰሌዳ ተጫዋቹ በላዩ ቆሞ የክብደቱን መዘዋወር ብቻ ስለሚለካ ብዙ ወለል አይጠይቅም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥሩ የተባለው አተካከል የሚመዘነው ጨዋታው ሲያበቃ ነው። ጠረጴዛው ተመልሶ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣ ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ፣ አያት ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ክፍሉ እንደ ቀድሞው የሁሉም ከሆነ መሣሪያው በዚያ ቤት ቦታ አግኝቷል ማለት ይቻላል።